የኮርኒሱ ደቦ

ሰው ሙት ሊወቅስ ሲነሳ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔን ግን ያድርገኝ። ጋሽ ይልማ ሞቷል፤ እግዜር ነፍሱን ይማር፤ እኔ አልማርኩትም።

የሞቱን ወሬ የሰማሁት ኤርፖርት፣ የምነዳው ሹትል ውስጥ ተቀምጬ መንገደኛ ስጠብቅ ነው። የደወለልኝ የእድራችን ጸሐፊ ነበር። «በላይነህ፣ ጋሽ ይልማ አረፉ። ልባቸው ነው። ቁርስ ቀርቦላቸው ሳለ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ» አለኝ። ቀጠለና፣ «የሕይወት ታሪካቸውን ቀብሩ ላይ አንተ ታነብልናለህ። ድምፅህ ጥሩ ነው፤ ብዙ ዓመትም አብራችሁ ሠርታችኋል» አለኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አድርጎ ወሰደውና ስልኩን ዘጋ። በእኛ እድር ዝም ያለ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል፤ ይህንንም ደንብ ያወጣው ሟቹ ነው።

በሕይወት ሳለ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ። በዕድሜ አባቴ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ «ጋሼ» እንጂ በስሙ ብቻ ጠርቼው አላውቅም። እዚህ ላይ ግን «እሱ» እለዋለሁ። ሌላ ካሣ አላገኘሁም፤ ይህችን እንኳ ልውሰድ።

ረዥም፣ ወገቡ ያልጎበጠ፣ በበጋም በክረምትም ከነከረባቱ የሚንቀሳቀስ ሰው ነበር። ሲያነጋግርህ ክርንህን ይይዛል። ከያዘህ እስክትስማማ አይለቅህም። እዚህ ዴንቨር፣ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ 15 ቁጥር ባስ የሚጠብቅ ሐበሻ ካየ መኪናውን ዳር አስይዞ «ግባ፣ የት ነህ?» ይላል። ካደረሰህ በኋላ «እኔ እያለሁ በብርድ ምን ያቆምሃል?» ብሎ ይቆጣሃል። «እኔ እያለሁ» የዘወትር ቃሉ ነበረች። ሥራ ያጣው፣ ወረቀቱ የዘገየበት፣ ከባሏ የተጣላችው፣ ሁሉም ከአፉ ሰምቷታል።

እውነት መናገር ካለብኝ፣ ለብዙ ሰው ደርሷል። እኔንም የሹትሉ ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው። ሎውሪ ሰፈር በገባንበት የመጀመሪያው ክረምት የአፓርትማችን ማሞቂያ ተበላሽቶ ባለቤቴ ዘነበች ስትንቀጠቀጥ፣ የራሱን ማሞቂያ ከቤቱ ነቅሎ አምጥቶልን፣ ቤቱ እስኪሞቅ ካፖርቱን ሳያወልቅ አብሮን ተቀምጧል። ይህን አልክድም። እንዲያውም እጅ እግራችንን ያሰረን ይኸው ደግነቱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ደፍሮ «ይህ ነገር ልክ አይደለም» ይለዋል?

የእድሩ ሊቀመንበር ነበር፤ እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ሌላ ሊቀመንበር አላየሁም። ምርጫ በደረሰ ቁጥር ተነስቶ «እኔ ደክሞኛል፣ አርጅቻለሁ፣ ወጣት ምረጡ» ይላል። ከዚያ ይቀመጥና አንዳችንን ለይቶ ትኩር ብሎ ያያል። የታየው ሰው ምን ያድርግ፣ ይነሳና «ጋሼ፣ እርስዎን አጥተን የት እንወድቃለን?» ይላል። ጭብጨባ። ምርጫው አለቀ።

አዳራሻችን ያን ጊዜ ኮልፋክስ ላይ ነበር። ጥንት የቤት ዕቃ መሸጫ የነበረ፣ ዝቅ ያለ ሰፊ ቤት ነው። የቆዩት አባላት ከየጓዳቸው አዋጥተው ነው የገዙት። ክርስትናውም ልቅሶውም ስብሰባውም እዚያ ነበር። ኮርኒሱ ላይ ፈንዲሻ የተለጠፈበት የሚመስል ሻካራ ልባስ ነበረው፤ ወለሉም በአሮጌ ታይል የተነጠፈ ነበር። ማንም አስቀያሚነቱን እንጂ ሌላ ነገሩን አስቦ አያውቅም።

2010ዎቹ ሲገቡ ሰፈሩ ተፈላጊ ሆነ። አሮጌ ሞቴሎች እየፈረሱ አፓርትማ ይበቅልባቸው ጀመር። አንድ የዴቨሎፐሮች ኩባንያ የእኛንም አዳራሽ ገዝቶ አፍርሶ ሊሠራበት ጠየቀ። አባላቱ በደስታ ሰከሩ። በገንዘቡ ጎረቤታችን አውሮራ ከተማ ውስጥ ትልቅ፣ የራሱ ሰፊ ፓርኪንግ ያለው፣ ልጆቻችን የማያፍሩበት አዳራሽ ልንገዛ ነው። ሽያጩን የምትይዝልን ሜሮን የምትባል ወጣት ደላላ ነበረች። የአባላችን ልጅ ናት፤ እዚሁ ነው ያደገችው። ድርድሩን ከእሷ ጋር የሚነጋገረው ጋሽ ይልማ ብቻ ነበር። እኛ የምንሰማው እሱ መጥቶ የሚነግረንን ነው።

አንድ እሑድ ከስብሰባው መጨረሻ ላይ ተነሳና እንዲህ አለን፦

«ገዢዎቹ ቤቱን በደንብ ሊያዩ ይመጣሉ። እንግዳ ሳይመጣ ቤት ይጸዳል፤ ይሄ የኛ ባህል ነው። አሮጌው ኮርኒስና የተላላጠው ታይል ይነሳ። ሰው ቀጥረን አናስነሳም። በደቦ!»

ሳቅና ጭብጨባ ሆነ። ደቦ! አብዛኛዎቻችን የአዲስ አበባ ልጆች ነን፤ ደቦን የምናውቀው በወሬ ነው። ለዚያም ይሆናል እንደዚያ ያማረን። እሱም ጣቱን አንስቶ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለ። እኔ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው «የሚፈርስ ቤት ምን ያጸዱታል?» ስለው «አንተ ደግሞ ሥራ ሲሉህ ምክንያት አታጣም» ብሎ ሳቀብኝ።

ቅዳሜ ሁላችንም ወጣን። ሚያዝያ ነበር፤ ዴንቨርም እንደ ልማዱ በጸደይ በረዶ እየጣለ ነው። ብርዱን ፈርተን በሩንም መስኮቱንም ዘጋግተን ገባን። ሴቶቹ ከኋላ ባለችው ክፍል ምግብ ያሰናዳሉ። እኛ መሰላል ላይ ወጥተን ያንን ፈንዲሻ በመፋቂያ፣ በአካፋ፣ ያገኘ ባገኘው እየፋቅን እናወርዳለን። አፉን በሻርፕ ያሰረም አለ፣ ያላሰረም አለ። አቧራው ጉም ሆነ። መጀመሪያ መሰላል ላይ የወጣው ጋሽ ይልማ ነው። ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ፣ እጅጌውን ሰብስቦ «ሆ በሉ!» አለ። ሆ አልን። እየዘፈንን ዋልን። ሲመሽ ሁላችንም ወፍጮ ቤት የዋልን መስለን፣ እርስ በርሳችን እየተሳሳቅን ወደ የቤታችን ሄድን። አሜሪካ ከመጣሁ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

በሳምንቱ የገዢዎቹ መርማሪ መጣ። ጸሐፊውና እኔ በሩን ልንከፍትለት ሄደን ነበር። ሰውየው ገርበብ ባለው በር አንገቱን አስገብቶ ኮርኒሱን አየ፤ ወለሉን አየ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰና ወደ መኪናው ሄዶ ማስክ አደረገ። እኛን «ውጡ፣ ማንም እንዳይገባ» አለን። ከየጥጉ ከቀረው ቅርፊትና መስኮቱ ላይ ከተኛው አቧራ ቆንጥሮ ወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ አስቤስቶስ ነው።

አስቤስቶስ ለማታውቁት፣ ድሮ እሳት እንዳይበላው ብለው በየኮርኒሱና በየታይሉ ይጨምሩት የነበረ ነገር ነው። ሳይነኩት ከተውት ተኝቶ ይኖራል። ሲፋቅ ሲሰባበር ግን ዐይን የማያየው ብናኝ ይሆንና ሳንባ ይገባል፤ አንዴ ከገባ አይወጣም። ሕመሙ ሊመጣም ላይመጣም ይችላል፤ ከመጣ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ያን ቀን የዋልነው ሰዎች ይህን ሁሉ የሰማነው ከአንድ የማናውቀው ሰው አፍ፣ ፓርኪንግ ቦታ ላይ ቆመን ነው።

የስቴቱ ጤና መሥሪያ ቤት ሰው መጣ። በሩ በላስቲክ ታሸገ። ነጭ ቱታ ከእግር እስከ ራሳቸው የለበሱ ሰዎች እየገቡ ሲጠርጉ ሳምንታት ሄዱ። ወጪው ከሽያጩ ላይ ተነሳ፤ የአውሮራው አዳራሽ ሕልም ሆኖ ቀረ። እድራችን ዛሬም ስብሰባውን የሚያደርገው በኪራይ ነው።

የስቴቱ ሰው «ይህን ሥራ ያዘዘው ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ጋሽ ይልማ ሳያመነታ «ማኅበሩ» አለ። ሰውየው «ማኅበሩ ማለት ማን ነው?» አለው። ይልማ እጁን ዘርግቶ ከዳር እስከ ዳር የቆምነውን ሁሉ አሳየውና «ሁላችንም» አለ። ሎሚውን እንዲህ አድርጎ አከፋፈለን። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏችኋል ይህ ነው።

ቀጥሎ የተጠራው ስብሰባ ላይ ሜሮን መጣች። እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ተራ ሲሰጣት ቆማ እንዲህ አለች፦

«ጋሼ፣ እኔ ነግሬዎት ነበር። ገዢዎቹ ስለ አስቤስቶስ ሲጠይቁ ደውዬ ነገርኩዎት። እርስዎ 'ማስመርመሩ የማን ኃላፊነት ነው?' አሉኝ። እኔም ለመሸጥ ብቻ ኢንስፔክሽን ማድረግ ግዴታችን አይደለም፣ ከመፍረሱ በፊት ግን ላይሰንስ ያለው ሰው ሳምፕል መውሰድ አለበት አልኩዎት። ማን ያስመርምር የሚለውን ኮንትራቱ ላይ እንነጋገራለን፣ ገዢው ያስመርምር ብለን መፈረም እንችላለን፣ የምናውቀውን ግን መደበቅ አንችልም አልኩዎት። ሳንባ ውስጥ እንደሚገባም ነግሬዎታለሁ። ፕሊስ ምንም እንዳትነኩ ብዬዎታለሁ።»

እንግዲህ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ «ገዢው ያስመርምር» ብሎ መፈረም ብቻ። ይልማ ግን ካስመረመሩ ያገኙታል፣ ካገኙ ዋጋ ይሰብራሉ ብሎ ፈራ። ኮርኒሱ ከሌለ የሚመረመር ነገር የለም ብሎ አሰበ። እዚህ ድረስ እሱም አልካደም። የካደው ሌላውን ነው።

«ልጄ» አለ፤ ድምፁ ማር ነው። «ዋጋ ይቀንሳሉ ብለሽኛል፤ እውነት ነው። እኔም የማኅበሩ ጥቅም እንዳይነካ ብዬ አስነሳሁት። መርዝ ነው ግን አላልሽኝም። ሳንባ የሚባል ነገር ከአፍሽ አልወጣም። ብለሽኝ ቢሆን እኔ ራሴ ከሁሉ ቀድሜ መሰላል ላይ እወጣ ነበር? እስቲ ፍረዱ፤ ሰው መርዝ መሆኑን እያወቀ ሲውጥ ይውላል?»

«እውነታቸውን ነው!» አለች አንዲት ሴት። «አብረውን አልነበሩም እንዴ?»

«የዛሬ ልጆች ኮሚሽናቸው ሲቀር ሽማግሌ ላይ ይለጥፋሉ» አለ ሌላው።

እኔ ተነስቼ «ልጅቷን ለምን እንሰድባታለን? ነገሩ ይጣራ» አልኩ። ከኋላ አንዱ «አንተን ሥራ ያስገባህ ማን ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ሜሮን ፊቷ ቀልቶ ማንንም ሳታይ «አይ ቶልድ ሂም» አለች፤ ነግሬዋለሁ ማለቷ ነው፤ «አይ ቶልድ ሂም» ደገመችው። እናቷ ነጠላዋን ሰብስባ እጇን ይዛ ወጣች። እናትና ልጅ ከዚያ ወዲህ እድሩን አልረገጡም። «ሽማግሌ ላይ ዋሽታ ልታሰድብ የመጣችው ልጅ» እየተባለ ስሟ በየምግብ ቤቱ ተነሳ። ቤት የሚሸጥ ሐበሻ ሁሉ ከእሷ ሸሸ።

ከስብሰባው በኋላ ውጭ አገኘሁት። ክርኔን ያዘ።

«አንተም ተጠራጠርከኝ?»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ያውቁ ነበር?»

«በላይነህ፣ አብሬህ ገብቻለሁ። ከዚህ በላይ ምን ልበልህ?»

ይህችን መልስ ለዓመታት አላለፍኳትም። ከየትም በኩል ብመጣ እሷ ላይ እደርሳለሁ። ሰውየውን እጠላዋለሁ፣ ግን አብሮኝ ገብቷል። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ስጠይቅ «አንድ ቀን ነው፣ ዕድሉ ትንሽ ነው፣ ምንም አይሆንም ብሎ የሚምልልህ ግን የለም» አለኝ። ሳል በያዘኝ ቁጥር ይልማ ትዝ ይለኛል። ወዲያው ደግሞ እሱም እኮ ያስላል እላለሁ። ሳያውቅ ያደረገው ከሆነ ሞኝ ነው፤ ሞኝ ይቅር ይባላል። እያወቀ ከሆነ ግን እኛንም ገድሎናል፣ የልጅቷንም ስም ቀብሯል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ሰላም እየተባባልን፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር እያጨበጨብንለት ዓመታት አለፉ።

ልቅሶው ቤቱ ነበር፣ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር። ከዘነበች ጋር ሄድን። ጸሐፊው በር ላይ ጠብቆ የሕይወት ታሪኩን ወረቀት እጄ ላይ አስጨበጠኝ፤ «ለማኅበራቸው ራሳቸውን የሰጡ አባት» ይላል። መኪና ውስጥ ሳለን ለዘነበች «አነበዋለሁ፣ ምን ቸገረኝ፣ ሰውየው ሳያውቅ ነው ያጠፋው» ብያት ነበር። አምርሬ መጥላት ደክሞኝ ነበር፤ ልገላገል ፈለግሁ።

ሳሎኑ ሞልቷል። ሚስቱ እትዬ አስካለ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ፣ ዕንባዋን እየጠረገች ደግነቱን ትዘረዝራለች። የዋህ ሴት ናት፤ በዕድሜዋ ሰው ስትበድል አላየሁም። የእድሩ ስብሰባ ላይ ግን ተገኝታ አታውቅም። እኛ ገብተን አጠገቧ ስንቀመጥ ዘነበችን በእጇ ዳሰሰቻትና ቀጠለች።

«ለእኔ እንዴት እንደሚሳሳ! ያን ጊዜ የአዳራሹን ኮርኒስ ሲያወርዱ ውለው የመጣ ዕለት፣ ጋራዥ ውስጥ ሆኖ ጠራኝ። በሩን ከፍቼ ልቀበለው ስል 'አትጠጊኝ አስካለ! ይሄ አቧራ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ከገባ አይወጣም' ብሎ ጮኸብኝ። ልብሱን ሁሉ እዚያው አወለቀ። ያንን የመሰለ ሱሪ፣ ከነጫማው፣ ፌስታል ውስጥ አስሮ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። በዚያ በረዶ ጋራዥ ውስጥ በባልዲ ታጠበ። ገላው ሳይጸዳ የልጅ ልጆቹን አልሳመም። እንዲህ ያለ ባል ነው የሞተብኝ!»

«ነፍሱን ይማረው» አሉ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ። ነገሩ የገባቸው ቆይቶ ነው። ቀስ በቀስ አንዱ አንዱን ያይ ጀመር።

እያወቀ ነው መሰላሉ ላይ የወጣው። እያወቀ «ሆ በሉ» ያለን። እንዳንጠይቀው ብሎ ራሱም መርዙን ሲውጥ ዋለ፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ምን እንደሚባል እስከ ዛሬ ስም አላገኘሁለትም። ለሚስቱ ሳስቷል። ለእኛ ሚስቶች ግን አንዲት ቃል፣ «ልብሳችሁን ቤት አታስገቡ» የምትል ቃል፣ አልተናገረም። ስላልሳሳላቸው ሳይሆን ስላልደፈረ ነው፤ ይህችን ቢተነፍስ ማወቁ ይታወቅበታል።

ዘነበች ከአጠገቤ ተነሳች። ሰው ፊት ስትናገር ሰምቻት የማላውቅ ሴት ናት።

«እትዬ አስካለ» አለች፣ «የበላይነህን ልብስ ያን ቀን በረንዳ ላይ ያራገፍኩት እኔ ነኝ። እየሳቅኩ ነው ያራገፍኩት። አቧራው ፊቴ ላይ ነበር። ለእኛ አልነገሩንም።»

«ተይ ዘነበች፣ ልቅሶ ቤት ነው» አለ ጸሐፊው።

እትዬ አስካለ ዕንባዋን የምትጠርግበት እጇ ባለበት ቆመ። አንድ በአንድ አየችን፤ የባሏን ጓደኞች፣ ሚስቶቻቸውን።

«ለሁላችሁም የነገራችሁ መስሎኝ ነበር» አለች።

ወረቀቱን ለጸሐፊው መልሼ ዘነበችን ይዤ ወጣሁ። መኪና ውስጥ እንደገባን ለሜሮን እናት ደውዬ የልጅቷን ቁጥር ተቀበልኩና ወደ ሜሮን ደወልኩ። ስሜን ስነግራት እስክታስታውሰኝ ጊዜ ወሰደባት። «ሜሮን፣ ነግረሽው ነበር» አልኳት። «ሳንባውንም፣ ሁሉንም። ዛሬ ሚስቱ በራሷ አፍ ተናገረች፣ ሁሉም ሰማ። ስምሽ ጸድቷል።»

ከሩቅ የሕፃን ድምፅ ይሰማኛል።

«እሱ ሲሞት ነው ያመናችሁኝ?» አለችና ስልኩን ዘጋችብኝ።